ለክብደት የተሳፈሩ ሰዎች

ጋራዥ ቁጭ ብዬ ሰዎች «ኦሪጅናሉን ልግዛ ወይስ የእጅ ሥራውን ላስገጥም?» እያሉ ሲከራከሩ ስሰማ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ልጆቼ «አባዬ፣ ያልተጠየቅከውን አትመልስ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አፌ አያርፍም። ግን እኔ ላይ የደረሰው እነሱ ላይ ቢደርስ እነሱም ዝም አይሉም ነበር። ባሌስትራ ለሌላው ሰው የብረት ጉዳይ ነው። ለእኔ ግን የሚስቴና የመጀመሪያ ልጄ ነፍስ የተንጠለጠለበት ጉዳይ ነበር። እስቲ ከሥሩ ላውጋችሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፣ አገሩ አሰብ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። እንጀራ ፍለጋ ወደ ባሕሩ ወርጄ በአንድ የመንግሥት የዓሣ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ በሳምንት ሁለት ጊዜ በፒክአፕ በረዶ ጭኜ ራሔይታ መሄድ፣ ዓሣ ጭኜ መመለስ ነው። ራሔይታ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ ያለች የአፋሮች የባሕር ዳር መንደር ናት። ሚስቴ አስካለ ደግሞ በዚያው ዓመት እዚያ መምህርት ሆና ተመደበች። እኔ አሰብ፣ እሷ ራሔይታ። ትዳራችን የቆመው በበረዶው መኪና ነበር ማለት ይቻላል። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ጌታቸው እኮ ለዓሣው ብሎ አይደለም የሚሮጠው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ምን ጎደለብኝ።

መንገዱን መንገድ ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነ አላውቅም። አሸዋ ነው፣ ቀጥሎ ኮረት ነው፣ ወደ አሰብ ስትጠጉ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ባሌስትራ ማለት፣ ለማታውቁት፣ መኪናው ሆድ ሥር ተደራርበው የታሰሩ፣ እንደ ቀስት የጎበጡ ረጃጅም ብረቶች ናቸው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ እነሱ ይለጠጡና ንውጥውጡን ይቀበሉታል። የእኔ መኪና ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ባሌስትራ ልስልስ ያለ ነበር። በአስፋልት ላይ ቢሆን እንቅልፍ ያስወስዳል። በራሔይታ መንገድ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ። በሁለተኛው ጊዜ በረሃ መሀል ቆሜ፣ የያዝኩትን ውሃ ጨርሼ፣ የራዲያተሩን ልጠጣ ስል ነው አንድ ባለግመል የደረሰልኝ።

እንደገና ሲሰነጠቅ የንብረት ክፍሉ ሰው ጠራኝና «ዕድለኛ ነህ፣ ኦሪጅናሉ በመርከብ ገብቶልሃል» ብሎ ከነሣጥኑ አሳየኝ። በቅባት ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ማኅተሙ ላዩ ላይ ተመትቶ፣ ሲያዩት ያምራል። እኔ ግን አላማረኝም። በረሃው ላይ የደረቀው ጉሮሮዬ ገና አልረሳም። «ይቀመጥልኝ» ብዬ አቶ ገብረዝጊ ዘንድ ሄድኩ።

አቶ ገብረዝጊ በጣሊያኖች ጋራዥ ሥራ የጀመሩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንድ የሞተ የጣሊያን ካሚዮን ነበራቸው። ከእሱ ባሌስትራ እየቆረጡ፣ በእሳት እያጋሉና እየቀጠቀጡ ለትንንሽ መኪና ይሠራሉ። አንዱን አንስተው አሳዩኝ።

«ይኼ ይሰበራል?» አልኳቸው።

«መኪናው ይሰበራል እንጂ እሱ አይሰበርም።» ብረቱን በመዶሻ ነካ አደረጉት። «ግን ኋላ አልነገሩኝም እንዳትል። ይኼ ክብደት ይፈልጋል። ሲጫን ሸጋ ነው። ባዶውን ከነዳኸው አንጀትህን ነው የሚያወርደው።»

«እኔ ባዶ ሄጄ አላውቅም። ስሄድ በረዶ፣ ስመለስ ዓሣ።»

«እንግዲያው ምን ገዶህ» አሉና ገጠሙልኝ። ኦሪጅናሉ ከነሣጥኑ ንብረት ክፍል ቀረ። ያደረግኩትን ስህተት ነው አልልም። ዛሬም ያንን መንገድ በረዶ ጭኜ የምሄድ ብሆን ያንኑ ባሌስትራ ነው የማስገጥመው።

ወሩ ሰኔ ነበር። አሰብን በሰኔ የኖረባት ያውቃታል፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። አስካለ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አሰብ መጥታ ልትወልድ ተስማምተናል። ልጁ የሚተኛበትን አልጋ እንኳ ከአንድ የወደብ አናጢ ዘንድ አሠርቻለሁ። እንደ ልማዴ በረዶዬን ጭኜ፣ ለእሷ ሎሚና ዳቦ ይዤ ሄድኩ።

ራሔይታ ስደርስ ጤና ረዳቷ ወርቅነሽ በመንገዱ መሀል ቆማ አገኘኋት። ወርቅነሽ የጎንደር ልጅ ናት፣ የማትደነግጥ ሴት። ያን ቀን ግን ነጠላዋን እንኳ አልለበሰችም።

«ጌታቸው፣ በረዶውን ቶሎ አስወርድ» አለችኝ። «አስካለ ከጠዋት ጀምሮ ደም እየፈሰሳት ነው።»

«ምጥ ነው?»

«ምጥ አይደለም። ሕመም የላትም፣ ደም ብቻ ነው። የእንግዴ ልጁ ከልጁ በፊት ወደ ታች ወርዶ የተቀመጠ ይመስለኛል። ይኼ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም። አሰብ ሆስፒታል ገብታ በቀዶ ሕክምና መውለድ አለባት።»

ሮጬ ገባሁ። አስካለ በጀርባዋ ተኝታ፣ እግሯ ሥር ትራስ ተደርጎላት ጣሪያውን ታያለች። ፊቷ ጨው መስሏል። «ጌቾ፣ ሎሚ አመጣህ?» አለችኝ። ልትቀልድ ነው። ሎሚውን እጇ ላይ አኖርኩላት። ፈራሁ። ልክ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም አልፈራሁም።

ተሸክሜ ላወጣት ስል ወርቅነሽ ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ ወሰደችኝ።

«በዚህ መኪና ነው የምትወስዳት?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ባለፈው ወር ዓሣ ባልነበረ ጊዜ ባዶውን ይዘኸኝ ሄደህ አልነበር? ለሦስት ቀን ወገቤን ይዤ ነው የዋልኩት። ስማኝ። አሁን ደሙ ቀስ ብሎ ነው የሚፈሰው። ከተናወጠች ግን ይገነፍላል። መንገድ ላይ ከገነፈለ እሷንም ልጁንም አናገኛቸውም።»

የሬድዮ መገናኛው ጎህ ሲቀድ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ደሙ ሳይጀምራት ተዘግቷል። ሰው ልከን አምቡላንስ ይምጣ ብንል ቀኑ ያልቃል። ዓሣ ልጫን ብል ዓሣ የለም፤ ነፋሱ በርትቶ ጀልባዎቹ ባዷቸውን ነው የተመለሱት። መኪናውን አየሁት። ያ የማይሰበር ባሌስትራዬ በረዶው ሲወርድለት ቀና ብሎ ቆሟል። አቶ ገብረዝጊ የነገሩኝ ነገር በጆሮዬ ደወለ። ክብደት ካልጫንኩበት ሚስቴን የሚገድላት እሱ ነው።

የዓሣ መጋዘኑ ውስጥ የሻርክ ሥጋ የሚደርቅበት ጨው በጆንያ ተደርድሯል። የመንግሥት ንብረት ነው፣ ያለ ወረቀት ከተነሳ ያሳስራል። ይሰሩኝ ብዬ አንዱን ጆንያ ጎትቼ ወደ መኪናው ስወስድ ከበሩ ላይ አንድ ሰው ቆመብኝ።

ሰውየው ናኮዳ ሑመድ ነው። ናኮዳ ማለት በባሕሩ ሰዎች አነጋገር የጀልባ አለቃ ነው። የራሔይታ ሰው አይደለም። ከሰሜን፣ ዒድ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ በጀልባ መጥቶ፣ በረዶ ለመውሰድ ከነሰዎቹ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። አማርኛውን አሰብ ወደብ ላይ በወዛደርነት ሲሠራ ነው የተማረው።

«ሾፌር፣ በረዶ አምጥተህ ጨው ትወስዳለህ?» አለኝ።

ነገርኩት። ስለ አስካለ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ባሌስትራው፣ ሁሉንም ተንተባትቤ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። አፋሮች ወሬ ሲሰሙ እንዲህ ነው፣ እስኪያልቅ ድረስ አይነኩትም። በጀልባ ይወስዳት እንደሆነ ጠየቅኩት። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረና «ነፋሱ ከአሰብ ወደ እኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ባሕር ላይ እናድራለን። አትደርስም» አለኝ። ከዚያ ጆንያውን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ይኼን ብትጭን መሀል መንገድ ያለው አሸዋ ይይዝሃል። ሲይዝህ ጨው ወርዶ አይገፋልህም።»

«ታዲያ ምን ልጫን?»

«እኛን ጫን።»

መጀመሪያ አልገባኝም። እሱ ግን ወደ ሰዎቹ ዞሮ በአፋርኛ አናገራቸው። አጭር ንግግር ነበር። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ፣ ሽርጣቸውን አጠበቁ። ዘጠኝ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ጀልባዎቹን ሊጠብቁ ቀሩ።

«ይለፍ አላችሁ?» አልኩት። በዚያን ዘመን ከድንበር በኩል በመንገድ የሚመጣ ሰው የይለፍ ወረቀት ከሌለው ኬላ ላይ ይያዛል። ወይ ኮንትሮባንዲስት ነህ ይሉታል፣ ወይ የባሰ ስም ይሰጡታል።

«በባሕር ነው የመጣነው» አለኝ። «ባሕር ላይ ይለፍ የሚጠይቅ የለም።»

«ኬላው ላይስ?»

«ኬላው ሩቅ ነው። አሁን ሴትየዋን አምጣት።»

የአራቱንም ጎማ አየር ቀነስኩ። ከመኪናው ኋላ ላይ መረብ ደራርበን፣ በላዩ ፍራሽ ዘርግተን አስካለን አስተኛናት። ወርቅነሽ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰዎቹ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው በዙሪያዋ ተሳፈሩ፣ አንድ የጀልባ ሸራ ከላይ ወጥረው ጥላ ሠሩላት። ይኼኔ ናኮዳ ሑመድ ቆጣ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ሁሉም ወዲያው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ፤ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው ተቀመጡ። ጋቢና ገብቶ አጠገቤ ሲቀመጥ «ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ሴት እንዲህ ሆና አትታይም አልኳቸው።»

ሞተሩን አስነሳሁና ለቀቅኩት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ከመንደሩ መውጫ ላይ ነው፣ በደንብ አውቀዋለሁ። ትንፋሼን ይዤ ገባሁበት። መኪናው ዝቅ አለ፣ ቀና አለ። በቃ። እንደዚያ ለስልሶ ነድቼው አላውቅም። በመስኮቱ ጮክ ብዬ «ወርቅነሽ፣ እንዴት ናት?» አልኩ። «ደህና ናት፣ እንዲሁ ንዳ» አለችኝ።

ከሚሮጥ ሰው እምብዛም ሳንፈጥን ተጓዝን። እንደተባለውም አሸዋው ያዘን። ሰዎቹ ዘለው አልወረዱም፣ መኪናው እንዳይናጥ አንዱ ከወረደ በኋላ ሌላው እየተንሸራተተ ወረዱ። ገፉን፣ ወጣን፣ እንደ አወራረዳቸው መልሰው ተሳፈሩ። ፊታቸውን አሁንም ወደ ውጭ ነው ያደረጉት። ጨው ጭኜ ቢሆን ኖሮ እዚያ አሸዋ ላይ ምን እንደምሆን አስቡት።

ከአሸዋው ከወጣን በኋላ አንድ ግመሎች የሚነዳ አፋር አገኘን። ናኮዳ ሑመድ «ቀስ በል» አለኝ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዜና ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ሁሉም በተራ ነው የሚወራው። እኔ ሚስቴ እየሞተችብኝ የዝናብ ወሬ መስማት አላማረኝም። «ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር» አልኩት። ባለግመሉ ከመኪናው ጎን ጎን እየተራመደ፣ ናኮዳ ሑመድም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ረጅም ወሬ አወሩ። እንድቆም እንኳ አላስገደደኝም፣ ብቻ ፍጥነቴን ቀንሼ ሄድኩ። ባለግመሉ ወደ ኋላ ሲቀር ናኮዳ ሑመድ አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ኬላው ላይ አዲስ አለቃ መጥቷል። ይለፍ የሌለው ሰው አያሳልፍም። ትናንት የያዛቸው ሰዎች እስካሁን አልተፈቱም።»

መሪዬን እንደያዝኩ አሰብኩ። ሰዎቹ ከኬላው በፊት ቢወርዱ ማንም አይነካቸውም። ግን ከኬላው እስከ ከተማው ያለው መንገድ ያ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከሁሉ የከፋው። እዚያ ላይ ባዶውን መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ወርቅነሽ ነግራኛለች። ውረዱ ልበላቸው ወይስ ታሰሩ ልበላቸው? የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ልጆች አሏቸው፣ ጀልባ አላቸው፣ የሚጠብቃቸው አገር አላቸው።

ናኮዳ ሑመድ ሳልጠይቀው በኋላው መስኮት ለሰዎቹ ጮክ ብሎ ተናገረ። ከኋላ አንድ ሁለት ቃል ተመለሰለት።

«ነገርኳቸው» አለኝ። «የሚወርድ የለም። ንዳ።»

ይኼን ሳወራ ዛሬም ዓይኔን ያቃጥለኛል።

ኬላው ጋ የደረስነው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ከመንገዱ ዳር አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ፣ ከፊቱ የአሸዋ ጆንያ የተካበበት ምሽግ። አሥር አለቃው ጠዋት ሳልፍ ያላየሁት ወጣት ነው፣ ከደጋ ከመጣ ብዙ ያልቆየ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ። ወረቀቴን ሳይቀበል ወደ ኋላ ሄዶ ሰዎቹን አየ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ዓሣ አጥማጆች ናቸው።»

«ይለፍ?»

«የላቸውም።»

«ወዴት ነው የምትወስዳቸው?»

«የትም አልወስዳቸውም አለቃ። ሚስቴ መሀላቸው ተኝታለች፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ደም እየፈሰሳት ነው። እነሱ ለክብደት ነው የተሳፈሩት።»

«ለምን?»

«ለክብደት።» ነገሩ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። «ባሌስትራው የካሚዮን ብረት ነው። ባዶውን ከሄደ ያናውጣታል፣ ከተናወጠች ትሞታለች። ሰው ሲጫንበት ይለሰልሳል።»

ትንሽ አየኝ። «ኬላ ላይ ብዙ ነገር ይነገረኛል» አለ። «እንዲህ ያለ ግን ዛሬ ገና ሰማሁ።»

ሸራውን ገልጦ አየ። ወርቅነሽ በእጇ የያዘችውን በደም የራሰ ጨርቅ አሳየችው። ፊቱን መለሰ። ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ «እሷ ትለፍ። ጤና ረዳቷም ትለፍ። ሰዎቹ ይወርዳሉ።»

«ሰዎቹ ከወረዱ እሷም አታልፍም።»

«ውረዱ» አለ ለሰዎቹ።

ወረዱ። መኪናው ሲቃለልለት ወደ ላይ ተነሳ፣ አሥር አለቃው ቆሞ አየው። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ። ከኋላው መከላከያ ብረት ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ሌላ ወታደር ጠርቶ ሁለት ሆነው ተጫኑት። እንደ ግንብ ቆመ። ወደ አሰብ የሚወስደውን ጥቁር ድንጋይ አየ፣ መኪናውን አየ። ገብቶታል። ፊቱ ላይ ስለተጻፈ አወቅኩ።

«ስማኝ ወንድሜ» አለኝ። «ከእኔ በፊት እዚህ የነበረው አለቃ ይለፍ የሌለው ሰው አሳልፈሃል ተብሎ ታስሯል። እኔም የምጦራት እናት አለችኝ። እነዚህን ሰዎች ላሳልፋቸው አልችልም።»

እግሩ ሥር ወድቄ በለመንኩት ነበር፣ ግን እሱም እንደ እኔ እጁ የታሰረ ሰው ነው። ከሸራው ውስጥ የአስካለ ድምፅ መጣ፣ ቀጥኖ። «ጌቾ፣ ለምን ቆምን?»

ናኮዳ ሑመድ ወደ አሥር አለቃው ቀረበ። እጁን ወደ ኋላው አጣምሯል። «እኛን አስቀረን» አለው። «የአንተን ሰዎች ስጠው።»

«ምን?»

«ክብደት ነው የሚፈልገው። የእኛ ይሁን የአንተ ለመኪናው አንድ ነው።»

«ኬላውን ማን ይጠብቃል?»

«እኛ አለን።»

አንዱ ወታደር ሳቁ አመለጠውና መልሶ ዋጠው። አሥር አለቃው አልሳቀም። ዓሣ አጥማጆቹን አየ፣ ቆርቆሮ ቤቱን አየ፣ ምሽጉን አየ። ከዚያ እጁን ወደ ወታደሮቹ ቀሰረ፤ «አንተ፣ አንተ፣ አንተም፣ አንተ ደግሞ። ውጡ።» አራት ወታደር አይበቃም አልኩት፣ እንደ ልቤ መናገር ጀመርኩ ማለት ነው። ወደ ምሽጉ አመለከተና «የአሸዋውን ጆንያ ጨምሩበት» አለ።

ጆንያዎቹን ከምሽጉ ላይ እያነሱ ወደ መኪናው ያመላለሱት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ እያሉ ነው ያኖሯቸው። ወታደሮቹ ሲሳፈሩ ናኮዳ ሑመድ አንዱን በትከሻው ይዞ አዞረውና «ወደ ውጭ» አለው። ወታደሩ አለቃውን ዞር ብሎ አየ፣ አለቃው በራሱ ነቀነቀ። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«ጌቾ፣ ምንድን ነው?» አለች አስካለ እንደገና።

«ክብደት እየቀየርን ነው» አልኳት። «አሁን እንሄዳለን።»

ጥቁሩን ድንጋይ እንዴት እንዳለፍኩት በደንብ አላስታውስም። አንገቴ በላብ ርሶ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በጎማዬ እየዳሰስኩ ነው የሄድኩት። ካኪ ለብሶ የሚመጣ ሰው ሳይ ልቤ የሚሸሽ ሰው ነበርኩ፣ በዚያ ጊዜ ማን ያልሆነ አለ? ያን ቀን ግን ካኪዎቹ ሸራዋን በእጃቸው ወጥረው ይዘውላት ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ተሸክመው ያስገቧትም እነሱ ናቸው።

ሐኪሙ ብዙ አላናገረኝም። ወርቅነሽን ሁለት ነገር ጠየቃትና አስካለን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገባት። ከእኔ ደም ቀዱ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ መጠበቅ ነበር፣ መጠበቅ ደግሞ አልችልበትም። ወርቅነሽ ወጥታ «ሴት ልጅ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ግን ታለቅሳለች» ስትለኝ «አስካለስ?» አልኳት። «አለች» አለችኝ። ግድግዳው ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አላፈርኩም።

በማግሥቱ መጀመሪያ ያደረግኩት አራቱን ወታደሮችና የአሸዋውን ጆንያ ይዤ ወደ ኬላው መመለስ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ከቆርቆሮው ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠው ከቀሩት ወታደሮች ጋር ሻይ ይጠጣሉ። ናኮዳ ሑመድ ተነሳና «ሴትየዋስ?» አለኝ።

«አለች።»

«ልጁስ?»

«ሴት ናት። አለች።»

ዞሮ ነገራቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ሻያቸውን ቀጠሉ። አሥር አለቃው ጆንያዎቹን አስወርዶ ምሽጉን መልሶ ይክብ ጀመር። «በል ወደ መጡበት መልሳቸው» አለኝ። «ኬላዬን ዓሣ ዓሣ አሸተቱት።» ወረቀታቸውን አልጠየቀም፣ ወደ አሰብ እስካልሄዱ ድረስ እሱ የሚጠየቅበት ነገር የለም። እጁን ጨብጬ ላመሰግነው ብል «ሂድ፣ ሂድ፣ መንገድ አትዝጋ» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ሰዎቹን ራሔይታ አደረስኳቸው። በሁለተኛው ቀን ነፋሱ በረደና ወደ ዒድ ቀዘፉ።

ያ በንብረት ክፍል የቀረው ኦሪጅናል ባሌስትራ ትዝ አለኝ። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። የሆስፒታሉ መኪና ከእኔው መኪና ጋር አንድ ዓይነት ስለነበረ «ይኼ ሣጥን ለእነሱ ይሰጥ» አልኩት። አጉረመረመ፣ ፈረመ። ወስጄ ያስገጠምኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ አቶ ገብረዝጊም ለእጃቸው አላስከፈሉኝም። የእኔ መኪና በካሚዮኑ ብረት ቀጠለ።

እንግዲህ እናንተም ኦሪጅናል ይሻላል ወይስ የእጅ ሥራ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ይኼው ነው። የቱ ብረት እንደሚበልጥ አትጠይቁኝ፤ ማን ሊቀመጥበት እንደሆነ ንገሩኝና እነግራችኋለሁ። ስሙ የትም የታወቀ ዕቃ ቢሆን ያልታሰበለት ሰው ከተሳፈረበት ሰውየውን ይጎዳል። የእኔን ነገር ደግሞ ብትጠይቁኝ ከዚያ ቀን በኋላ ብቻዬን የምችለው ነገር እንዳለ አስቤ አላውቅም። በፊት ራሱን ችሎ የሚኖር፣ ለማንም የማይጎነበስ ሾፌር ነኝ ባይ ነበርኩ። ሚስቴና ልጄ በሕይወት ያሉት ከአንዱ በቀር ስማቸውን በማላውቃቸው ሰዎች ክብደት ነው። ይኼን እያወቁ መኩራት አይቻልም።

አስካለ የእነዚያን ሰዎች ፊት አላየችም። ያየችው ጀርባቸውን ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሽርጥ የታጠቁትን፣ ኋላ ካኪ የለበሱትን። ከሆስፒታል ስትወጣ ዓሣ አጥማጆቹ የሉም። የኬላው ወታደሮችም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ሌላ ግንባር ተወሰዱ። ስለዚህ አሰብ በኖርንበት ዘመን ሁሉ ከእሷ ጋር ገበያ መሄድ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ከፊቷ ሽርጥ የታጠቀ ሰው ሲሄድ ካየች ሮጣ ትደርስበትና «ሰላም አለይኩም» ትለዋለች። ወታደር ከሆነም «እንዴት ዋልክ ወንድሜ፣ እናትህ ደህና ናት?» ትለዋለች። ሰዎቹ ዞረው ያዩዋታል፣ ግራ ይገባቸዋል፣ ሰላምታዋን መልሰው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሰለቸኝና «አሁን ይኼን ሰውዬ የት ታውቂዋለሽ?» አልኳት። ልጃችንን አዝላ ነበር።

«አላውቀውም» አለችኝ። «ግን ከእነሱ አንዱ ቢሆንስ? ዝም ብዬው ልለፍ?»